ጠገራ ብር እውነተኛ መሆኑ በምን ይታወቃል?

ባለፈው ዓመት አጋማሽ ላይ አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሦስት ጠገራ ብሮች በመሐረብ ቋጥራ ወደ ፊዚክስ ቤተ ሙከራችን መጣች። ብሮቹ ለአያቷ በሠርጋቸው ጊዜ የተሰጡ ሲሆኑ፣ አያቷ ካረፉ በኋላ ለእርሷ ደርሰዋል። ከመካከላቸው አንዱን ሸጣ ለትምህርቷ ልታውለው አስባ ለአንድ አንጥረኛ አሳይታቸው ነበር። አንጥረኛው ሦስቱንም በየተራ መዝኖ ክብደታቸው ተቀራራቢ ሆኖ አገኘው። ሁለቱን ደኅና ናቸው አላት። በአንደኛው ላይ ግን ከንግሥቲቱ አንገት ተነሥቶ እስከ ዳሩ የሚደርስ ቀጭን መስመር አይቶ፣ «ይህ የተሰነጠቀ ነው፤ አስመሳይ ሳይሆን አይቀርም» በማለት ከሌሎቹ በእጅጉ ያነሰ ዋጋ ሰጣት። ተማሪዋ ብሩን ይዛ የተመለሰችው ዋጋው ስላነሰባት ብቻ አልነበረም፤ አያቷ በሠርጋቸው ቀን የተታለሉ መስሏት ነገሩ ከንክኗታል። «በሳይንስ ማወቅ ይቻላል ወይ?» ስትል ጠየቀችን።

ይቻላል። ይሁን እንጂ ጥያቄው አንድ ሳይሆን ሦስት መሆኑን አስቀድሞ መረዳት ያስፈልጋል። ብሩ ከምን ተሠራ? እንዴት ተሠራ? የትና መቼ ተሠራ? ፊዚክስ ለመጀመሪያው ጥያቄ ቁርጥ ያለ መልስ አለው። ለሁለተኛው፣ አጉሊ መነጽርና ትዕግሥት ላለው ሰው ጥሩ መልስ ይሰጣል። በሦስተኛው ላይ ግን ብዙ ጊዜ ይቸገራል። በገበያ የሚሰማው ክርክር አብዛኛው የሚነሣው ሦስቱን ጥያቄዎች ከመቀላቀል እንደ ሆነ እናምናለን።

ሁሉም ብሮች 1780 ይላሉ

በሀገራችን ጠገራ ብር የሚባለው የማርያ ቴሬዛ ብር ነው። ማርያ ቴሬዛ የኦስትሪያ ገዥ የነበረች ንግሥት ስትሆን፣ ያረፈችው እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 1780 ነው። መልኳን የያዘው ብር በቀይ ባሕር ዙሪያና በምሥራቅ አፍሪካ ገበያዎች እጅግ ተወድዶ ስለ ነበር፣ ከሞተችም በኋላ መመታቱ አልቆመም። ነጋዴዎች የለመዱትን መልክ እንጂ አዲስ ንጉሥ ማየት ስላልፈለጉ፣ በኋላ የተመቱት ሁሉ ያንኑ 1780 የሚለውን ዓመት ይዘው ቀሩ። ስለዚህ ብሩ ላይ የተጻፈው ዓመት ስለ ዕድሜው ምንም አይነግረንም። ቁጥሩም በፈረንጆች አቆጣጠር እንጂ በእኛ አይደለም፤ ይህን የምንለው በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያሰሉ ሰዎች ስላጋጠሙን ነው።

ብሩ የተመታው በቪየና ብቻ አይደለም። በሚላኖና በቬኒስም ተመትቷል። እ.ኤ.አ. በ1935 ኢጣልያ ኢትዮጵያን ለመውረር በምትዘጋጅበት ጊዜ ብሩን የመምታትን መብት ከኦስትሪያ ተቀብላ በሮም መምታት ጀመረች። የእንግሊዝ ነጋዴዎችም ገበያቸው እንዳይቋረጥ ሲሉ ከ1936 ጀምሮ በለንደን አስመቱ፤ በፓሪስ፣ በብራስልስ፣ በቦምቤይና በበርሚንግሃምም ተመትቷል። የኦስትሪያ ገንዘብ ማተሚያ ቤት ዛሬም ይመታዋል። በኢትዮጵያ ውስጥ የነበረው ሕጋዊ መገበያያነት ያበቃው በ1937 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1945) አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ ነው።

እንግዲህ በ1936 በለንደን የተመታ ብር «አስመሳይ» ነውን? እንደ ጥያቄያችን ይለያያል። በብርነቱ ከሆነ እንከን የለውም፤ ሁሉም ማተሚያ ቤቶች የጠበቁት አንድ ዓይነት ልክ ነበር። ክብደቱ 28.0668 ግራም፣ ስፋቱ ወደ 40 ሚሊ ሜትር፣ ቅይጡ ከስድስት እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር፣ ቀሪው መዳብ። የምንፈትነውም ከዚህ ልክ ጋር በማስተያየት ነው።

አባቶቻችንም የራሳቸው ፈተና ነበራቸው። በንግሥቲቱ ዘውድና በትከሻዋ ላይ ባለው ጌጥ የተደረደሩት የዕንቁ ጉብታዎች ጥርት ብለው ካልታዩ ብሩን አንቀበልም ይሉ እንደ ነበር የውጭ ተጓዦች ጽፈዋል። አንዳንዶቹ ተጓዦች ይህን እንደ ባላገር ግትርነት ቆጥረውታል፤ እኛ ግን አንስማማም። በመፈተግ አስቀድሞ የሚጠፋው ከሁሉ ከፍ ብሎ የቆመው ጉብታ ነው። ዕንቁዎቹ ከጠፉ ብሩ ተፍቋል፤ ከተፋቀ ክብደቱ ጎድሏል። ሚዛን በሌለበት ገበያ ዕንቁን መመልከት ክብደትን መገመቻ መንገድ ነበር።

ሚዛንና አንድ ብርጭቆ ውኃ

ወደ ሦስቱ ብሮች እንመለስ። ለአጻጻፍ እንዲመች፣ ምንም ምልክት የሌለበትን አንደኛው፣ መስመር ያለበትን ሁለተኛው፣ ከሁሉም የሚያብረቀርቀውንና አንጥረኛው ያደነቀውን ሦስተኛው እንበላቸው።

በመጀመሪያ በአየር መዘንናቸው። አንደኛው 27.94 ግራም፣ ሁለተኛው 27.71 ግራም፣ ሦስተኛው 27.96 ግራም ሆኑ። ሁሉም ከልኩ ጥቂት ይጎድላሉ፤ በእጅ ብዛት የተፈተገ ብር ይህን ያህል ቢያጣ አያስገርምም። አንጥረኛው እስከዚህ ድረስ አልተሳሳተም።

ቀጥሎ የሚለካው እፍጋት ነው፤ ይኸውም በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ይዘት ውስጥ ያለው መጠነ ቁስ ማለት ነው። የአርኪሜድስንና የንጉሡን አክሊል ታሪክ ተማሪ ሁሉ ስለሚያውቀው አንደግመውም። አለካኩ ግን በመማሪያ መጻሕፍት እምብዛም በማይገኝ ቀላል ዘዴ ነው። ውኃ የያዘ ብርጭቆ በኤሌክትሮኒክ ሚዛን ላይ ይቀመጥና ሚዛኑ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ከዚያም ብሩ በቀጭን ክር ታስሮ፣ የብርጭቆውን ወለልና ግድግዳ ሳይነካ፣ ሙሉ በሙሉ ውኃው ውስጥ ይንጠለጠላል። ውኃው ብሩን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ብሩም በኒውተን ሦስተኛ ሕግ መሠረት ውኃውን ወደ ታች ይገፋዋል። ሚዛኑ የሚያነበው ይህንኑ ግፊት ሲሆን፣ ቁጥሩ ብሩ ከያዘው ቦታ ከተፈናቀለው ውኃ መጠነ ቁስ ጋር እኩል ነው። የአንድ ግራም ውኃ ይዘት አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ በአየር የተገኘውን ቁጥር በውኃ ለተገኘው ማካፈል ብቻ ይበቃል።

ምን መጠበቅ አለብን? የንጹሕ ብር እፍጋት 10.49፣ የመዳብ 8.96 ነው። አምስት እጅ ብርና አንድ እጅ መዳብ ሲቀላቀሉ ይዘታቸው ተደምሮ የሚገኘው እፍጋት 10.20 አካባቢ ይሆናል። ያልተፈተገ ጠገራ ብር ስለዚህ 2.75 ግራም ውኃ ማፈናቀል አለበት።

ውጤቱ እነሆ። አንደኛው 2.74 ግራም አፈናቀለ፤ እፍጋቱ 10.20። ሁለተኛው፣ «የተሰነጠቀው»፣ 2.72 አፈናቀለ፤ እፍጋቱ 10.19። ሦስተኛው ግን 3.15 ግራም አፈናቀለ፤ እፍጋቱ 8.88 ብቻ ሆነ።

ተማሪዋ ቁጥሩን ስታይ እንደገና እንድንለካው ጠየቀችን። ሦስት ጊዜ ለካነው፤ አልተለወጠም።

እንግዲህ ሦስተኛው በብዛት መዳብ የሆነ፣ ላዩ ብር የተቀባ ቅይጥ ነው። የሠራው ሰው ሞኝ አልነበረም። መዳብ ከብር እንደሚቀል ስላወቀ፣ የጎደለውን ክብደት በውፍረት አሟልቶታል። በካሊፐር ስንለካው ዳሩ ከአንደኛው ብር ዳር በአሥረኛ ሚሊ ሜትር አራት ያህል ይበልጣል። ዓይን ይህን ልዩነት አያየውም፤ ጣትም ካልተነገረው አይሰማውም። የአንጥረኛው ሚዛን ደግሞ ክብደትን እንጂ ይዘትን ስለማይለካ በቀላሉ አለፈው።

እዚህ ላይ ስለ ልኬት ስሕተት ጥቂት ማለት አለብን፤ ተማሪዎቻችን ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት እርሱን ነውና። የእኛ ሚዛን እስከ መቶኛ ግራም ያነባል። በ2.74 ላይ የአንድ መቶኛ ግራም ስሕተት ቢኖር እፍጋቱ ላይ የሚያመጣው ለውጥ 0.04 ያህል ነው፤ ስለዚህ በልበ ሙሉነት እንናገራለን። ሚዛኑ እስከ አሥረኛ ግራም ብቻ የሚያነብ ቢሆን ኖሮ፣ ለእውነተኛው ብር የምናገኘው እፍጋት ከ10.0 እስከ 10.4 በሆነ ቦታ ላይ ይዋዥቅ ነበር። ይህ መዳብን ከብር ለመለየት ይበቃል፤ 83 በመቶ ብር የያዘውን 90 በመቶ ከያዘው ለመለየት ግን አይበቃም፤ የሁለቱ ልዩነት 0.11 ብቻ ነውና። እስከ አንድ ግራም ብቻ በሚያነብ የወጥ ቤት ሚዛን ይህን ሙከራ መሥራት ጊዜ ማባከን ነው። ከብሩ ጋር የሚጣበቅ የአየር አረፋም ያሳስታል፤ በውኃው ላይ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና መጨመር መድኃኒቱ ነው።

የመፈተግ ነገርም ልብ ሊባል ይገባል። ሁለተኛው ብር ከአንደኛው ወደ ሩብ ግራም ያህል ይቀላል፤ እፍጋታቸው ግን አንድ ነው። መፈተግ ክብደትንም ይዘትንም አብሮ ስለሚቀንስ እፍጋትን አይነካም። እፍጋት ከክብደት የተሻለ ምስክር የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ፍጹም ምስክር ነው ማለት ግን አይደለም። የእርሳስ እፍጋት 11.34፣ የቆርቆሮ 7.29 ነው። ሰማንያ እጅ እርሳስና ሃያ እጅ ቆርቆሮ በክብደት ቢቀላቀሉ እፍጋታቸው ስንት ይሆናል? አንባቢ በወረቀት ያስላው፤ 10.2 ሆኖ ያገኘዋል። እንዲህ ያለ ቅይጥ የውኃውን ፈተና በክብር ያልፋል። ታዲያ በምን ይያዛል?

የብር ድምፅ

በድምፅ። ሽማግሌዎች ጠገራ ብርን በድንጋይ ላይ ጣል አድርገው «ይጮኻል፣ አይጮኽም» ሲሉ የሰማ ሁሉ ሙከራውን ያውቀዋል። ዳሩን የሚጎዳ ስለ ሆነ መጣሉን አንመክርም። የተሻለው ዘዴ ብሩን በጣት ጫፍ ላይ በመሐሉ ደግፎ ዳሩን በእርሳስ እንጨት ቀስ ብሎ መምታት ነው። ብሩ ሲንቀጠቀጥ ሁለት ተቃራኒ ዳሮቹ ወደ ላይ ሲነሡ ሌሎቹ ሁለቱ ወደ ታች ይጎብጣሉ፤ መሐሉ በዚህ ንዝረት ጊዜ ባለበት ስለሚቆም ጣታችን ድምፁን አያፍነውም።

የንዝረቱ ድግግሞሽ ከውፍረቱ ጋር በቀጥታ ያድጋል፤ ከስፋቱ ዳግም ብዜት ጋር ግን በተገላቢጦሽ ይቀንሳል። ከዚህም በላይ የብረቱ ግትርነት ለእፍጋቱ ሲካፈል የሚገኘውን ዳግም ዘር ይከተላል። ለጠገራ ብር ሲሰላ በሴኮንድ 4 ሺህ ንዝረት አካባቢ ይሆናል። ድምፅ የሚቀዳና ድግግሞሹን በሥዕል የሚያሳይ ተራ ተንቀሳቃሽ ስልክ ለዚህ ሥራ በቂ ነው። በእኛ ሙከራ አንደኛውና ሁለተኛው ብር በ4 ሺህ 200 ኸርዝ አካባቢ፣ ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆይ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጡ። የእርሳስ ቅይጥ ቢሆን ኖሮ ግትርነቱ በጣም ዝቅተኛ ስለ ሆነ፣ ንዝረቱንም በውስጡ ስለሚውጠው፣ «ጠብ» ብሎ ይቀር ነበር።

ሦስተኛው ግን ያልጠበቅነውን አሳየን። አስመሳይ ብር ድምፁ ይወፍራል ተብሎ ይታመናል፤ የዚህ ድምፅ ከ6 ሺህ ኸርዝ በላይ ሆኖ ከእውነተኞቹ ቀጠነ! ለጥቂት ደቂቃ መሣሪያው የተበላሸ መስሎን ነበር። ቀመሩን ስናስታውስ ግን ግልጽ ሆነ። ይህ ብር ከሌሎቹ ይወፍራል፣ ስፋቱ ጥቂት ያንሳል፣ መዳብ ደግሞ ከብር የበለጠ ግትርና የቀለለ ነው። ሁሉም ምክንያቶች ድግግሞሹን ወደ ላይ ይገፉታል። ሆኖም ድምፁ ወዲያው ይጠፋል፤ ይህም ከውስጡ ጥቃቅን ክፍተቶች እንዳሉበት ያመለክታል። ስለዚህ «አስመሳይ ድምፁ ወፍራም ነው» ከማለት፣ «አስመሳይ ድምፁ የተለየ ነው» ማለት ይሻላል።

ጠንካራ ማግኔት ያለው ሰው ሌላ ፈጣን ፈተና አለው። ብር በማግኔት አይሳብም፤ ነገር ግን ብሩን አዘንብሎ ማግኔቱን በላዩ ቢያንሸራትቱት፣ በብሩ ውስጥ የሚፈጠረው ኤሌክትሪክ ማግኔቱን ስለሚይዘው ቀስ ብሎ ይወርዳል። በኒኬልና መዳብ ቅይጥ ላይ በፍጥነት ይንሸራተታል። ንጹሕ መዳብም እንደ ብር ስለሚይዘው ይህ ፈተና ብቻውን አይበቃም።

ስሕተቱ የማን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ሁለተኛው ብር መስመር እንምጣ።

ገንዘብ ሲመታ፣ ያልታተመ ክብ ጥፍጥፍ በሁለት የብረት ማኅተሞች መካከል ይገባና በታላቅ ኀይል ይጨመቃል። ጥፍጥፉ በቅጽበት እንደ ሊጥ ይፈስስና በማኅተሞቹ ላይ የተቀረጸውን ጉድጓድ ሁሉ ይሞላል። በማኅተሙ ላይ የሰረጎደው በብሩ ላይ ይጎላል፤ በማኅተሙ ላይ የጎላው በብሩ ላይ ይሰረጉዳል። ይህን አንድ ሕግ የያዘ ሰው ብዙውን እንቆቅልሽ ይፈታል።

ማኅተሙ በሺህ የሚቆጠር ምት ስለሚያርፍበት ብረቱ ይደክምና ይሰነጠቃል። ስንጥቁ በማኅተሙ ላይ ጉድጓድ ነው፤ ስለዚህ ከዚያ በኋላ በሚመታው ብር ሁሉ ላይ ጎልቶ የወጣ ቀጭን መስመር ሆኖ ይታያል። ብሩ ራሱ ቢሰነጠቅ ወይም በስለት ቢጫር ኖሮ መስመሩ የሰረጎደ ይሆን ነበር፤ ጭረት ከሆነም የተገፋው ብር በመስመሩ ዳር እንደ ማረሻ ትልም ተቆልሎ ይታይ ነበር።

አምፖል ከጎን ዝቅ አድርገን፣ በአሥር እጥፍ አጉሊ መነጽር ተመለከትነው። የሁለተኛው ብር መስመር ጎልቶ የወጣ ነው። ጥላው የሚወድቀው ከመብራቱ በተቃራኒ ባለው ውጫዊ ጎን ነበር፤ ጉድጓድ ቢሆን ኖሮ ጥላው ከውስጡ፣ በመብራቱ በኩል ባለው ግድግዳ ሥር በሆነ ነበር። ድምፁም ይህንኑ መስክሯል፤ በእውነት የተሰነጠቀ ብር እንደ ተሰነጠቀ ጀበና ሻካራ ድምፅ ይሰጣል እንጂ አይጮኽም። እንግዲህ የተሰነጠቀው ማኅተሙ እንጂ ብሩ አይደለም። አንጥረኛው የሐሰት ምልክት አድርጎ የወሰደው መስመር፣ ብሩ በማኅተም የተመታ ለመሆኑ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ጥሩ እንላለን እንጂ የመጨረሻ አንልም። እውነተኛ ብርን በሸክላ ወይም በጄሶ ላይ አትሞ ቅርጹን የወሰደ ሰው፣ የማኅተሙን ስንጥቅ መስመርም አብሮ ይገለብጣልና። በዚህ ጊዜ የሚረዱን የማፍሰስ ምልክቶች ናቸው። ቀልጦ የፈሰሰ ብረት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ የብር ቅይጥ ከሆነ በርዝመት ከ1 እስከ 2 በመቶ ገደማ ነው። የ40 ሚሊ ሜትር ብር የተቀዳለት ቅጂ በግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ይጠብባል ማለት ነው። በቅርጹ ውስጥ የተያዘ የአየር አረፋ በፊቱ ላይ ጥቃቅን ጉብታ ወይም ጉድጓድ ይተዋል። የፊደላቱ ማዕዘን ይለሰልሳል፤ በምት የተገኘ ፊደል ግን ከሜዳው ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የሦስተኛው ብር ስፋት 39.3 ሚሊ ሜትር ነበር፤ በንግሥቲቱ መሸፈኛ እጥፋቶች ውስጥም እንደ አሸዋ ያሉ ጉብታዎች ታይተዋል።

ከሁሉ የበለጠ መመልከት የሚገባው ዳሩን ነው። በጠገራ ብር ዙሪያ «ዩስቲትያ ኤት ክሌሜንትያ» የሚሉ የላቲን ቃላት ጎልተው ተጽፈዋል፤ ትርጓሜያቸው ፍትሕና ምሕረት ነው። እንዲህ ያለ ጎልቶ የወጣ የዳር ጽሑፍ የተመረጠው ብሩን ከዳር እየፋቁ ለሚሰርቁ ሰዎች እንዳይመች ነው። ለአስመሳይ ሠሪም ራስ ምታት ነው፤ የሁለቱ ቅርጾች መጋጠሚያ የሚያርፈው ዳሩ ላይ ስለ ሆነ፣ መጋጠሚያውን ሞርዶ ሲያጠፋ ፊደላቱን አብሮ ይሞርዳል። በሦስተኛው ብር ዳር ላይ አንዳንድ ፊደላት ወገባቸው የጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ሰው ሁለት ብሮች ቢያቀርብልን በሁለቱም ላይ ያው ጭረትና ያው ሰርጓዳ በያው ቦታ ካለ፣ ከአንድ ቅርጽ መፍሰሳቸውን ያለ ምንም መሣሪያ መናገር እንችላለን። ማኅተም ስንጥቁን ያወርሳል፤ በእጅ ላይ የደረሰ ጉዳትን ግን አያወርስም።

በማተሚያ ቤት የሚፈጠር ስሕተት ብዙ ዓይነት ነው፤ አንዳንዶቹም ሰብሳቢዎች ከደኅናው አብልጠው ይገዟቸዋል። ጥፍጥፉ ወደ አንድ ወገን ተንሸራትቶ መልኩ ግማሽ ብቻ የሚታተምበት አለ። የተመታው ብር ከማኅተሙ ሳይላቀቅ ቀርቶ ቀጣዩን ጥፍጥፍ የሚመታበትም አለ፤ ያን ጊዜ በቀጣዩ ላይ ያው መልክ በመስተዋት እንደሚታይ ተገልብጦና ሰርጉዶ ይወጣል። ዋጋ ስላለው ደግሞ ስሕተትን በመዶሻና በጉጠት የሚፈበርኩ አሉ። ለተማሪዎቻችን የምንሰጠው መለያ አንድ ጥያቄ ነው፤ ማሽኑ ይህን ማድረግ ይችላል ወይ? ለምሳሌ ሁለት ብሮችን አጋጥሞ በመጨምደጃ ቢያጨቋቸው የተገለበጠ የሰረጎደ መልክ ይገኛል። ነገር ግን በዚያ ቦታ የነበረው የመጀመሪያው መልክ ተጨፍልቆ ሥሩ ይታያል፣ ዳሩም ያብጣል። በማተሚያው ውስጥ የተፈጠረው ግን ባዶ ጥፍጥፍ ላይ ያረፈ ስለ ሆነ ከሥሩ ሌላ መልክ የለውም።

ቆዳና ሥጋ

ተማሪዋ «ለምን በኤክስ ሬይ መሣሪያ አናየውም?» ብላ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። በኤክስ ሬይ የተመታ አቶም የራሱን መለያ ጨረር መልሶ ስለሚለቅ፣ ብርና መዳብን በደቂቃ ውስጥ ለይቶ በመቶኛ የሚነግር መሣሪያ አለ። ሆኖም ጨረሩ ከብር ውስጥ ተመልሶ የሚወጣው ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ካነሰ ጥልቀት ብቻ ነው፤ የመዳቡ ጨረር ደግሞ ከዚያም ይልቅ ከላይ ነው። መሣሪያው ቆዳውን እንጂ ሥጋውን አያይም። ወፍራም ብር የተቀባ መዳብ እንደ ንጹሕ ብር ሊያነብ ይችላል።

እውነተኛው ብርም ቢሆን ያሳስታል። ጥፍጥፉ ከመመታቱ በፊት ሲግል በላዩ ያለው መዳብ ከአየር ጋር ተዋሕዶ ይጠቁራል፤ በአሲድ ሲታጠብ ያ መዳብ ይወገድና ላዩ በብር የበለጸገ ይሆናል። አፈር ውስጥ የቆየ ብርም ከላዩ መዳቡን ያጣል። በዚህ ሳቢያ 83 በመቶ የሆነው ብር ላዩ ሲታይ ከ90 በመቶ በላይ ቢያነብ፣ «ልኩን አልጠበቀም» ብሎ መፍረድ ስሕተት ይሆናል። የሩብ ሰዓት የውኃ ሙከራ ውድ መሣሪያ የማያየውን የሚያየው መላ አካሉን ስለሚመዝን ነው። አንዳንድ አንጥረኞች ዳሩን ሞርደው አሲድ ያፈሱበታል፤ ይህ ብሩን ለዘለዓለም ያበላሸዋል፣ ጢሱም ለጤና አደገኛ ነው። በአመድ ወይም በጥርስ ሳሙና ፈትጎ ማንጻትም እንዲሁ መልኩን ይገፍፈዋል፤ ሰብሳቢዎችም የተፈተገን ብር ዋጋ ይቀንሱበታል።

የትና መቼ?

ሦስተኛው ጥያቄ ቀረ፤ ሁለቱ እውነተኛ ብሮች የትና መቼ ተመቱ? ሁሉም ማተሚያ ቤቶች አንድ ልክ ስለ ጠበቁ እፍጋትና ድምፅ እዚህ ላይ ይደክማሉ። እንዲያውም በፓሪስ የተመታው የዐፄ ምኒልክ ብር፣ 83.5 በመቶ ብር የያዘና 28.075 ግራም የሚመዝን ስለ ሆነ፣ ዓይናችንን ጨፍነን በውኃ ብቻ ከማርያ ቴሬዛ ልንለየው አንችልም። ስለዚህ ጠበብት የሚያዩት የማኅተሙን ቅርጽ ነው፤ የትከሻ ጌጡ የዕንቁ ብዛት፣ የንስሩ ጅራት ላባዎች፣ ከዓመተ ምሕረቱ አጠገብ ያለው ትንሽ መስቀል፣ ከትከሻዋ በታች የተጻፉት «ኤስ. ኤፍ.» የሚሉ ፊደላት አጣጣል፣ እነዚህ ሁሉ ከማኅተም ማኅተም ይለያያሉ።

ከፊዚክስ በኩል አንድ ደካማ ፍንጭ አለ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ብርን በኤሌክትሪክ የማንጠር ዘዴ ከመስፋፋቱ በፊት፣ በብር ውስጥ ጥቂት ወርቅና እርሳስ ይቀር ነበር። በዘመናዊ ዘዴ የነጠረው ብር ከእነዚህ የጸዳ ነው። በዝርዝር ምርመራ የወርቅ ርዝራዥ የተገኘበት ብር ወደ አሮጌው ወገን ያዘነብላል። ይሁንና አሮጌ ብር ቀልጦ በአዲስ ማኅተም ሊመታ ስለሚችል ፍንጩ ከፍንጭነት አያልፍም።

ተማሪዋ ሁለቱን ብሮች በመሐረቧ መልሳ ቋጠረች። ለእያንዳንዳቸው ክብደቱን፣ የተፈናቀለውን ውኃና የድምፁን ድግግሞሽ በወረቀት ጽፈን ሰጠናት፤ ሻጭና ገዥ በሚከራከሩበት ቦታ እንድታሳየው ነው። አያቷ በአንዱ ብር ተታልለዋል፤ ግን አንጥረኛው ባለው ብር አልነበረም። ሦስተኛውን ለቤተ ሙከራችን ተወችልን። በዚህ ወሰነ ትምህርት የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች እፍጋትን የሚለኩት በእርሱ ነው፤ አስመሳይ መሆኑን አስቀድመን አንነግራቸውም።